የፊታውራሪ ጓንጉል ድስትና አያ ቢሻው

አያ ቢሻውን በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች ለአባቴ አወሩለት፣ አባቴም ለእኔ። መንገድ ላይ ጨው ተጨምሮበት ከሆነ የጨመርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም።

የቢሻው ሥራ ጨዋታ ነበር። በፊታውራሪ ጓንጉል አዳራሽ ሰውን እያሳቀ እራቱን ይበላል። ጣጣው እራቱ ነው። ፊታውራሪ ሀብታቸው የትየለሌ ቢሆንም ቋጣሪ ነበሩ። በቤታቸው ወጥ አይደፋም፤ የትናንቱ በዛሬው ላይ ይገለበጣል። ወጥ ቤቷ ይርገዱ «ጌታዬ፣ ይህስ ይደፋ» ባለች ቁጥር የስድብ ውርጅብኝ ትቀበላለች።

አንድ ቀን ፊታውራሪ የበቅሏቸውን የቆሰለ ጀርባ ሲዳብሱ ቆይተው ማዕድ ላይ ተቀመጡ። የእጅ ውኃ ቢቀርብላቸው «አታባክኑ!» ብለው መለሱት። ከዚያ ቢሻውን ለማክበር ብለው ድብልብል ያለ ጉርሻ ጠቅልለው ዘረጉለት። ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፤ የጌታ ጉርሻ ሲሆን ደግሞ ያስገርፋል። አዳራሹ ሁሉ ዓይኑን ቢሻው ላይ ተከለ። እሱም እጅ ነሥቶ፣

«ይማሩኝ ጌታዬ፤ የበቅሎ ሥጋ ለክርስቲያን አልተፈቀደም» አለ።

ሌላ ጊዜ በሬ ታረደ። ፊታውራሪ «ለከነገ ወዲያም ይበቃል» ብለው ሥጋውን አሰቀሉትና ዝንቡ ከሰው ቀድሞ ግብዣውን ጀመረ። በመጨረሻ ጥሬውን ብሉ ተብሎ ሰው ቢላዋውን ሲያነሣ፣ ቢሻው ቅል ሙሉ ኮሶ አንጠልጥሎ ገባ። ፊታውራሪም «በእኔ ቤት መጠጥ ጠፋና ነው?» ብለው ተቆጡ።

«ኧረ የለም ጌታዬ! ዛሬ ሆዴ የሚገባውን እንግዳ ነገ የሚያስወጣልኝን ይዤ ነው።»

ነገሩ የከፋው ከሚካኤል ድግስ በኋላ ነው። የተረፈው ዶሮ ወጥ ጓዳ ውስጥ ሰነበተ። የአገሩ ዳኛ ድንገት በእንግድነት ሲመጡ ይርገዱ ድስቱን ከፍታ ፊቷን አጨማደደች። «ጌታዬ፣ ሸቷል» አለች። ፊታውራሪ ግን «ለብ አድርጊና በርበሬ ጨምሪበት! ማን ያውቃል?» አሏት። ምን ታድርግ፣ አቀረበች። የበላ ሁሉ ሲያስመልሰውና ሆዱን ሲቆርጠው ሰነበተ። ፊታውራሪ ብቻ ደኅና ነበሩ፤ እንግዳ ሲበላባቸው ማየት ስለሚያንገበግባቸው ከማዕዱ አልቀመሱም።

ስማቸው እንዳይጠፋ «ወጥ ቤቷ መርዝ ጨምራለች» ብለው ከሰሷት። ከተፈረደባት ተገርፋ ከአገር መባረሯ ነው። ቢሻው ይህን ሲሰማ ጨዋታው ሁሉ ጠፋው። በዚያ ቤት ስንት ዘመን በልቶ በጤና የኖረው፣ ይርገዱ ትኩሱን እየደበቀች ስላቆየችለት ነበር።

በችሎቱ ቀን ዳኛው ገና አላገገሙም፤ ነገሩን እያቋረጡ ወደ ቁጥቋጦው ይሮጣሉ። ቢሻው ለይርገዱ ጠበቃ ሆኖ ቆመና «ከወጡ የተረፈ ካለ ይምጣልኝ» አለ። ፊታውራሪ መቼ ደፍተው ያውቃሉ! ድስቱ መጣ። ሲከፈት የቀረበው ሰው ሸሸ። ቢሻው ሕዝቡ እያየው እጁን በደንብ ታጠበ፣ ጉርሻ ጠቀለለ፣ ለከሳሹም ዘረጋ።

«ሁልጊዜ እርስዎ ያጎርሱኝ የለ? ዛሬ ደግሞ እኔ ላጉርስዎ።»

ፊታውራሪ አፍንጫቸውን በኩታቸው ሸፍነው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ወግድ! ይህን ግም? ይርገዱ ራሷ ያን ዕለት ሸቷል ብላኝ አልነበረም እንዴ!»

ዳኛው ሆዳቸውን እንደያዙ ቀና አሉ። «አንቺ ይርገዱ፣ በነፃ ሂጂ» አሉና ዓይናቸውን ወደ ፊታውራሪ መለሱ። ፊታውራሪ ላብ አጠመቃቸው። «እሷን ሸተታት እንጂ እኔንማ ምንም አልሸተተኝም!» ብለው ማሉ።

ቢሻው ጉርሻውን ወደ ድስቱ መለሰና፣

«ጌታዬ፣ እርስዎ ለሰው ምንም አያውሱም፤ ያን ዕለት አፍንጫዎን ለማን አውሰውት ነበር?» አላቸው።