የማይቀመጥ ቀንድ

«ተረት ተረት!»
«የወይን መሬት!»

በድሮ ዘመን፣ ከባሕር ማዶ፣ ጆርጂያ በምትባል ተራራማ አገር፣ ናቴላ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ወይኗን ለቅማ፣ ረግጣ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ጋን ጠመቀችና ለልጇ ለማክቫላ ሠርግ አኖረችው። የመሬቱ ጌታ ኦታር ግን ሎሌዎቹን አስከትሎ መጣና ጋኑን ሙልጭ አድርጎ አስቀድቶ ወሰደው።

ናቴላም፦ «ጌታዬ፣ ሠርጉ ደርሷል። እንግዳ በደረቁ ካስቀመጥኩ የሙሽራው ወገን ልጄን ጥሎ ይሄዳል» አለችው።

ኦታርም፦ «አተላው አለልሽ አይደል? እሱን አጠጪያቸው!» አለና እየሳቀ ሄደ።

ናቴላ አላለቀሰችም። አተላውን፣ ያንን የወይን ቆዳና ፍሬ፣ ለከብት አልሰጠችውም። እናቷ ከእሱ የጉልበት መታሻ ስታወጣ አይታ ነበርና በድስት ጣደችው። ክዳኑን በሊጥ መረገችው። በክዳኑ ላይ ቧንቧ ሰካችና በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አሳለፈችው። ከዚያም ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። የመጀመሪያውን ደፋችው፤ መርዝ ነውና። ቀጥሎ የመጣውን ቀመሰችና «እሰይ!» አለች። እኛ ብንሆን አረቄ እንለዋለን። እነሱ ቻቻ ይሉታል።

ሠርጉ ደረሰ። ኦታርም ሊስቅባት መጣ። እንግዳው ሁሉ በመለኪያ ሲቀዳለት አየና፦ «ይቺ ምንድን ናት? የጫጩት መጠጫ? ለኔ በቀንድ!» አለ።

ናቴላም፦ «ይቅርብዎ ጌታዬ፣ ይከብድዎታል» አለችው።

«አተላ ነው እኔን የሚከብደኝ? እስከ አፉ ሙዪልኝ!»

ሞላችለት። ያ የመጠጫ ቀንድ ደግሞ ጫፉ ሹል ነው፣ መቀመጫ የለውም። ካልጨለጡት ከእጅ አይወርድም። ያገሩም ልማድ እንዲህ ነው፦ ቀንድ ያነሣ ሰው የቤቱን እመቤት መርቆ ይጨልጣል። ካቃተው የጠየቀችውን ይሰጣል።

ኦታር መረቀና አንዴ ተጎነጨ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ጆሮው በርበሬ መሰለ። ቀንዱን ሊያስቀምጥ ቢል ሊደፋ ሆነ። አጠገቡ ላለው ሊያቀብል ቢል ሰውየው እጁን ሰበሰበ።

ድግሱን የሚመራው ሽማግሌ ሻልቫም፦ «ምነው ጌታው፣ አተላ አነቀዎት እንዴ?» አለ። ሠርገኛው በሳቅ ፈረሰ።

ኦታርም፦ «በቃኝ! ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ።

ናቴላ አልቸኮለችም። የሙሽራውን ወገን ዞር ብላ አየችና፦ «ወይኔ ወደ ጋኑ ይመለስ። አተላው ደግሞ ከእንግዲህ የገበሬው ነው። ጌታ የተባለ እጁን አያስገባበት» አለች።

«ይሁን! ብቻ ይሄን ተቀበሉኝ!»

ሻልቫም ቀንዱን ተቀበለና ናቴላን መርቆ ግጥም አደረገው። እልልታው ቀለጠ። የሙሽራው አባትም ተነሣና፦ «ከዚች እናት የተወለደች ልጅ ቤቴን ታድምቅልኝ!» አለ።

ወይኑ ተመለሰ። ከጥቂት ቀን በኋላም የኦታር ሎሌ የናቴላን በር አንኳኳ።

«ደግሞ ምን ቀረህ?» አለችው።

ሎሌውም አንገቱን ደፍቶ፦ «ጌቶች ከዚያ አተላ ትንሽ ካለ ብለው ነው። በመለኪያ ይሁን ብለዋል» አለ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ደግሞ ዛሬ በወይን ዘለላ አብሱልኝ።