ትርንጎና ያልተላጠው ኮምፒውተር

ስሙኝማ፣ ተረት ላወራ ነው፤ ሥራ ያለው ይሂድ፣ ሥራ የሌለው ይጠጋ።

በደብረ ሲና ትርንጎ የምትባል ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበረች። ትርንጎ ሰው ያልጠገበው ዕቃ ኖሯት አያውቅም። ስልኳ ልጇ የሰለቸው ነው። ቴሌቪዥኗ ምራቷ የጠላችው ነው። ኮምፒውተሯን ደግሞ የወንድሟ ልጅ “እትዬ፣ ለእርስዎ ይበቃል” ብሎ ጥሎላት ሄደ። ሲነሣ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። የዓለም ካርታ ስትከፍትበት አፍሪካን ካሳየ በኋላ እስያ ላይ ሲደርስ ይሞታል።

ትርንጎ ለዘንድሮ የገና በዓል ለራሷ አዲስ ልትገዛ ቆረጠች። ከአዲሱም የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፦ እስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ላስቲክ በገዛ ጥፍሯ መላጥ።

በዋዜማው ጠዋት የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴው ፍሬው ሱቅ ገባች።

“ፍሬው፣ ያንን ኮምፒውተር ስጠኝ።”

“እትዬ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ጠበቃም ወደ ማታ መጥቼ እወስደዋለሁ ብሏል። ቀድሞ የተረከበ ይወስደዋል። ግን ናሁሰናይ እፊትዎ ሳይሞክረው ከዚህ ሱቅ ዕቃ አይወጣም። ነገ አልሠራም ብሎ በበዓል ምድር ይሰድቡኛል።”

“ዛሬውኑ ልሰድብህ እችላለሁ።”

“ይስደቡኝ። አልሰጥም።”

ፍሬው አይሰጥ፣ ትርንጎ ላስቲክ አትልጥ።

ጠጋኙ ናሁሰናይ ከሱቁ ጓዳ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

“ናሁሰናይ፣ ኮምፒውተሩን ሞክርልኝ። ፍሬው አልሰጥ ብሎኛል።”

“በምን ልሞክረው እትዬ? በጸሎት? ነፋሱ የሱቁን ገመድ ከምሰሶው አውርዶት መብራት የለም። ዋሴ ወጥቶ ይቀጥለው።”

መብራቱ አይመጣ፣ ናሁሰናይ አይሞክር፣ ፍሬው አይሰጥ፣ ትርንጎ ላስቲክ አትልጥ።

የመብራት ሠራተኛው ዋሴ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

“ዋሴ፣ ውጣ እንጂ! መብራቱ አልመጣ፣ ናሁሰናይ አልሞክር፣ ፍሬው አልሰጥ ብለው ቀኑ ሊመሽብኝ ነው።”

“በምን ልውጣ? ዝንጀሮ መሰልኩዎት? መሰላሉን የቅርጫ ሰዎች ወስደውታል። ጋሽ እንግዳሸትን ይጠይቋቸው።”

ዋሴ ምሰሶ አይወጣ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ናሁሰናይ አይሞክር፣ ፍሬው አይሰጥ፣ ትርንጎ ላስቲክ አትልጥ።

ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሜዳው ወረደች። የሰፈሩ ሰዎች በሬ በጋራ ገዝተው፣ አርደው፣ መደብ መደብ አድርገው በዕጣ የሚካፈሉት እዚያ ነው። መሰላሉ ለሥጋ መስቀያ ባሕር ዛፉ ላይ ተደግፏል። የቅርጫው አለቃ ጋሽ እንግዳሸት ሥሩ ቆመዋል።

“ጋሽ እንግዳሸት፣ መሰላሉን ይልቀቁልኝ።”

“ሥጋውን ምን ላይ ልስቀለው?”

“ሥጋው የታለ?”

“ያውልሽ፣ ቆሞ ያመሰኳል።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?”

“ይርዳውን ጠይቂ። ቢላዋው የሱ ነው።”

እንግዳሸት መሰላል አይለቅ፣ ዋሴ ምሰሶ አይወጣ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ናሁሰናይ አይሞክር፣ ፍሬው አይሰጥ፣ ትርንጎ ላስቲክ አትልጥ።

“ይርዳው፣ ይኼን በሬ ጣልልኝ!” አለች ለአራጁ።

“አልጥልም እትዬ። አንድ መደብ ሰው የለውም። ባለቤት የሌለው ሥጋ መሬት ላይ ከተረፈ፣ እኔ ልውሰድ እኔ ልውሰድ ተባብለን በገና ቀን ቢላዋ እንማዘዛለን። አምና ለአንዲት ሻኛ የሆነውን አይተዋል።”

“የየትኛው ጅል መደብ ነው?”

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በሬው እንኳ ማመስኳቱን ተወት አደረገ።

“የእርስዎ ነዋ!” አለ ይርዳው። “ባለፈው እሑድ ‘ዘንድሮ ሥጋው ይቅርብኝ፣ ለራሴ ኮምፒውተር ልግዛ’ ብለው የወጡት እርስዎ አይደሉ?”

መደቡ ሰው አያገኝ፣ ይርዳው በሬ አይጥል፣ እንግዳሸት መሰላል አይለቅ፣ ዋሴ ምሰሶ አይወጣ፣ መብራቱ አይመጣ፣ ናሁሰናይ አይሞክር፣ ፍሬው አይሰጥ፣ ትርንጎ ላስቲክ አትልጥ።

“በይ ተመለሺና መደብሽን ውሰጂ” አሉ ጋሽ እንግዳሸት። “በዚህ ዕድሜ ኮምፒውተር ምን ያደርግልሻል? ሥጋሽን ብዪ።”

“ሥጋ ዕድሜዬን ሙሉ በልቻለሁ ጋሼ። ላስቲክ ግን አንድ ቀን አልላጥኩም። ለመደቡ ሰው ፈልጋችኋል?”

“ያልጠየቅነው የለም።”

“ፍሬውንስ?”

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው የበሬውን ቀንድ መመርመር ጀመረ።

“ፍሬው እኮ የዚህ ሰፈር ሰው አይደለም” አሉ ጋሽ እንግዳሸት።

“አምፖል በዱቤ ስትወስዱ የሰፈሩ ሰው ነው!”

“ሥጋ ይብላ አይብላ ማን ያውቃል?”

“ጥርስ እንዳለውማ ዋጋ ስትከራከሩት አይታችኋል” አለችና ወደ ሱቁ ሽቅብ ወጣች።

“ፍሬው፣ ነገ የት ነው የምትበላው?”

“ሆቴል ነዋ። ሁልጊዜ የት ነው የምበላው?”

“ቅርጫ ለምን አትገባም?”

“ማን ጠርቶኝ?”

“ይኸው እኔ ጠራሁህ። አንድ መደብ አንተን እየጠበቀ ነው። ተነሣ!”

ፍሬው ከጎረቤት ሱቅ ሳፋ ነጥቆ ቁልቁል ሮጠ። ሳፋው ሕፃን ልጅ ያሳጥባል።

መደቡ ሰው አገኘ። ይርዳው በሬ ጣለ። ሥጋው ተሰቀለ፣ ተመደበ፣ ዕጣው ወጣ። ሻኛው ለፍሬው ሲደርሰው ሁሉም አጉረመረሙ፤ ማጉረምረም እንግዲህ የሰፈር ሰው ለሰፈር ሰው የሚያደርገው ነው። እንግዳሸት መሰላል ለቀቁ፣ ዋሴ ምሰሶ ወጣ፣ መብራቱ መጣ፣ ናሁሰናይ ሞከረ፣ እስያም ሳትሞት ወለል ብላ ታየች። ፍሬው ደም የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ “እንኩ እትዬ፣ ይባርክልዎ” አለና ሰጠ።

ይኼኔ ጠበቃው ከበር ላይ “ቆይ! ላስቲኩ እስካልተላጠ ድረስ ዕቃውን አልተረከቡም፤ ክርክር ያስነሣል!” ብሎ ጮኸ።

“ኧረ እንዳይላጡት እትዬ!” አለ ናሁሰናይም። “ይቆሽሻል! እኔ የራሴን እስከ ዛሬ አልላጥኩም!”

ትርንጎ ጥፍሯን ከጥጉ ሥር አስገባች። ጠበቃውን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለማንም ሳትቸኩል፣ ከላይ እስከ ታች ጨርርርር አደረገችው።

ተረቱ ይኸው ነው። እናንተም ላስቲኩን ያልላጣችሁት ዕቃ ካለ፣ ሂዱና ላጡ።