የእሑድ ማታዋ አማት

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ደግፌ ሌላ ሽማግሌ፣ መቶ አለቃ ጣሰውን አስከትለው፣ ልጅ ሊጠይቁ ጉለሌ አቶ ወንድይፍራው ቤት ሄዱ። ሲሄዱ ሁለተኛቸው ነው። በፊተኛው አባትየው «ይታሰብበታል» እንኳ ሳይሉ ነበር እስከ በር የሸኟቸው። አሁን እንቢ ካሉ ጋብቻው ፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ አቶ ደግፌ የሚናገሩትን ቃል መንገዱን ሙሉ ሲደረድሩና ሲያፈርሱ መጥተው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጠፋባቸው።

ልጁ ሱራፌል እንከን የለውም፤ ጨዋ ነው፣ ሥራም አለው። ልጅቷ ፍሬሕይወትም «ከእሱ ሌላ አላገባም» ብላለች። ችግሩ የልጁ እናት ናት። ትርፌ ተዋናይት ናት። በቀበሌ ኪነት ጀምራ፣ ትያትር ቤት ገብታ፣ ዕድሜዋን ሙሉ መድረክ ላይ ደግ እናት፣ ደግ እህት፣ ደግ መበለት ስትሆን ኖራለች። ያኔ መንገድ ላይ ዞር ብሎ ያያት ሰው የለም። አሁን ፀጉሯ ሲሸብት በቴሌቪዥን ድራማ ባንቺአየሁ የምትባል ክፉ አማት ሆነችና፣ አንድ እሑድ ማታ እርጉዝ ምራቷን በዝናብ ከቤት አባረረች። በማግስቱ አገር አወቃት። ሽንኩርት ሻጯ «ላንቺ አልሸጥም» አለቻት። የታክሲ ረዳት ደግሞ «ማዘር፣ መጀመሪያ ምራትሽን መልሺ፣ ከዚያ ትሳፈሪያለሽ» ብሎ በሩን ዘጋባት።

አቶ ወንድይፍራው ይህን ድራማ አንድም ቀን አያመልጣቸውም። ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዳኛ ሆነው አያውቁም፣ ቤታቸው ውስጥ ግን ከዳኛም በላይ ናቸው። ለተባረረችው ምራት «ብርድ እንዳይመታት» ብለው ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ጋቢ ልከዋል።

ይባስ ብሎ በዚህ ቀን ትርፌ ራሷ ተከትላ መጣች። አቶ ደግፌ «የልጅ እናት ከሽማግሌ ጋር አትሄድም፣ ነውር ነው» ብለው ቢለምኗት «ከኋላ እቆማለሁ፣ አልናገርም» ብላ በነጠላዋ ተሸፋፍና ገባች።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ ወንድይፍራው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ደግፌ እንደ ደንቡ።

«እንግዲያው ቆማችሁ ስሙ። ልጄን ለባንቺአየሁ ቤት አልሰጥም።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ባንቺአየሁ የምትባል ሰው የለችም! እሷ ትርፌ ናት። ያ ድራማ ነው።»

«አቶ ደግፌ፣ እኔ ችሎት ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በስማ በለው አልናገርም። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እርጉዟን ልጅ ከነፍራሿ ዝናብ ላይ ጣለቻት።»

ትርፌ አላስቻላትም። «ጋሼ፣ ዝናቡ እኮ ዝናብ አይደለም። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በጎማ ውሃ ሲረጭ ነው።»

«ውሸት! ያን ዕለት እኔም ቤት ዘንቧል። ልብሱን ከገመድ ላይ ያነሳሁት ራሴ ነኝ።»

«ልጅቷም እርጉዝ አይደለችም። ሆዷ ላይ የታሰረው ትራስ ነው።»

«ትራስ!» አቶ ወንድይፍራው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «የክፋቷን ልክ ሰማችሁልኝ? የገዛ ልጅ ልጇን ትራስ አለችው!»

መቶ አለቃ ጣሰው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ወደ ሳል ቀየሩት። አቶ ደግፌ ግን ላብ አጠመቃቸው። ሱራፌል ምን እንደሚሆን፣ እሳቸውስ ምን ብለው እንደሚነግሩት አሰቡና በጭንቅ «እሺ፣ በደል አለ እንበል። እርቅ እናውርድ» አሉ።

«እርቁ ከኔ ጋር አይደለም። ያባረረቻትን ምራት ይዛ ትምጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ይኼኔ ትርፌ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ወደ ፊት ወጣች። አቶ ደግፌ «በቃ፣ አለቀልን» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ያየው ሁሉ እውነት ነው ማለት ነው?»

«እንዴታ!»

«አምና ለፋሲካ ትያትር ቤት መጥተው አላዩኝም?»

«አይቻለሁ። ከባለቤቴ ጋር ፊት ወንበር ላይ ነበርን።»

«ምን ሆንኩ?»

«ባልሽ መርዝ አጠጣሽና ሞትሽ። ባለቤቴ ስታለቅስ አቅፌ ነው ያወጣኋት።»

«ታዲያ ለቅሶዬን ለምን አልደረሱም?»

አቶ ወንድይፍራው በሰፈሩ ለቅሶ ቀሩ ተብለው የማይታሙ ሰው ናቸው።

አቶ ደግፌ ሳያስቡት «አይ፣ ይኼስ ደግ አላደረጉም» አሉ። ሕይወታቸውን ሙሉ ለቅሶ ደራሽ ናቸውና ነገሩ እውነት መስሏቸው አዘኑ።

«እኔም ድንኳኑ ውስጥ ፈልጌ አጣሁዎት» አሉ መቶ አለቃ ጣሰው ኮስተር ብለው።

አቶ ወንድይፍራው ፊታቸው ደም ለበሰ። ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና ለትርፌ እጅ ነሱ።

«ጥፋተኛ ነኝ። እግዜር ያጥናሽ።»

«አሜን። እርስዎንም ክፉ አይንካዎት።»

አቶ ደግፌ ነገሩ የለዘበ መስሏቸው ትንሽ ተነፈሱ። አቶ ወንድይፍራው ግን ገና ሳይቀመጡ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ቆይ! ቆይ! ራሷ በአፏ አምናለች፤ ሞታለች! ታዲያ እኔ ልጄን ለሟች ምራት አድርጌ ልሰጥ ነው?»

አቶ ደግፌ ወደ በሩ ማየት ጀመሩ። ትርፌ ነጠላዋን አስተካክላ ለስለስ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ጋሼ ወንድይፍራው፣ እርስዎ አዋቂ ነዎት። ለልጅዎ ከሞተች አማት የተሻለ አማት ከየት ሊያመጡላት ነው?»

እሳቸው ጣታቸውን ገና ሳያወርዱ ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። ባለቤታቸው ናቸው፤ ከአማታቸው ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል።