ከፍ በይ የተባለችው እርግብ

ተረት ልጀምር ነው፤ የላሙን በረት ዝጉና ቁጭ በሉ። ከኋላ የቆማችሁም ቅረቡ፤ እኔ ሰው መለመን አልወድም።

ድሮ፣ እንስሳትና ዕቃ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ ሰውም ከነሱ የተሻለ ነገር በማይናገርበት ዘመን፣ አያ ደምሌ የሚባል ሸማኔ ነበረ። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል። ልጅ ስላልወለዱ ወፍ ያሳድጉ ነበር፤ ከወፎቹም ሁሉ አብልጠው የሚወዷት አንዲት ነጭ እርግብ ነበረቻቸው። ለፈትል ተባዝቶ የተጠቀለለ ጥጥ ስለምትመስል ስሟን አመልማሎ አሏት።

አመልማሎ ጨዋ ነበረች። ጨዋነቷ ግን ልክ አልነበረውም። ጥሬ ሲበተን ሌሎቹ እስኪጠግቡ ቆማ ትጠብቃለች። ዶሮ ቢረግጣት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። እንዲህ ያለ ጨዋ ገጥሟችሁ ከሆነ ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቃላችሁ።

የሸማኔ ቤት ወለሉ ክር ነው። አንድ ቀን ቁራጭ ክር እግሮቿ ላይ ተጠመጠመና ጠበቃት። አመማት። አያ ደምሌ ግን ሥራ ላይ ነበርና ማስቸገር ነውር መሰላት። ባልና ሚስቱ ሲያዩት ጊዜው አልፎ ነበር። አያ ደምሌ እያለቀሰ ክሩን ፈታው። የግራ እግሯ ጣቶች ደርቀው ወደቁ፣ የቀኙም እንደተጨበጠ ቀረ።

ነፍሷ ተረፈች፣ ክንፏም ደህና ነበር። መብረር አልቸገራትም፤ የቸገራት ማረፍ ነው። ወፍ ቆጥ ላይ የሚያድረው በጣቱ ጨብጦ ነው፤ አመልማሎ ደግሞ የምትጨብጥበት የላትም። መሬት ላይ እንዳታድር ደግሞ በግድግዳው ሥር ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ እመት ሽለምጥማጥ ትገባለች። አንጓች ባሏን ቀዳዳውን ድፈነው ብላ ብላ ሰልችቷታል፤ እሱም ነገ፣ ነገ እያለ አልሰለቸውም። እንግዲህ የአመልማሎ ነገር እንዲህ ሆነ፤ ላይ ካደረች ትወድቃለች፣ ታች ካደረች ትበላለች።

አውራ ዶሮው ጉባኤ ጠራ። ይህ ዶሮ ራሱን አለቃ ይላል፤ ማን እንደሾመው እሱም አያውቅም። ጎህ የሚቀደው እሱ ስለጮኸ ይመስለዋል። ዶሮዎቹ ተሰበሰቡ፣ ቆጡም ባለበት ሆኖ ተገኘ፣ እንቅቧም ከማዕዘኗ ጆሮዋን ሰጠች። ሁሉም ስለ አመልማሎ አዘኑ። እውነቴን ነው፤ ክፉ ልብ የነበረው አልነበረም። ነገሩን ያበላሸውም ይኸው ደግነታቸው ነው።

አለቃ ጉሮሮውን ጠርጎ የተጎዳ ይከበራል አለ። የተከበረ ደግሞ የት ይቀመጣል ቢባል፣ ላይ ነው። ስለዚህ የራሱን ቦታ፣ የቆጡን ጫፍ፣ ለአመልማሎ መልቀቁን አስታወቀ። ዶሮዎቹ በልግስናው እንባ አወጡ።

አመልማሎ ደነገጠች። "አለቃ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ለእኔስ ዝቅ ያለ ቦታ ይበቃኛል" አለች።

እውነቷን ነበር። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ በእኛ አገር ዝቅ ያለው ይበቃኛል የማይል እንግዳ ማን ነው? ልቡ ከላይ ተደላድሎ መቀመጥ እየፈለገ በሩ ሥር የሚሽቆጠቆጥ፣ ሆዱ እየጮኸ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት የሚል ሞልቷል። ደንቡ ይኸው ነው፤ እንግዳ ይግደረደራል፣ ባለቤት ይጎትታል። አለቃም ደንብ አዋቂ ነው። እንዴት ያለች ጨዋ ናት አለና ደግፈው እንዲያወጧት አዘዘ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ እያሉ አወጧት።

ቆጡ የወይራ እንጨት ነው፣ ድፍን ክብ። ከተሰቀለ ጀምሮ ተነቃንቆ አያውቅም፣ በዚህም በጣም ይኮራል። አመልማሎ ላዩ ላይ ስትንገዳገድ ከበደው።

"ጨብጪኝ እንጂ" አላት።

"የምጨብጥበት የለኝም።"

"እኔ እኮ በተረትና ምሳሌ የምጠራ ነኝ። 'የቆጡን አወርድ ብላ' ሲባል አልሰማሽም?"

"ቀጥሎ ጣለች ነው የሚለው" አለችና ወደቀች።

የወደቀችው ከታች በተኮለኮሉት ዶሮዎች ላይ ነው። ላባው ቦነነ፣ ጩኸቱ ቀለጠ። ቆጡ እኔ አልተነቃነቅኩም እያለ ማለ። ጉባኤው እንደገና ተቀምጦ ምክንያቱን አገኘ፤ ያከበሯት አነሰ።

በማግሥቱ አለቃ አያ ደምሌን አማከረ። አመልማሎ ሰምታ፣ መሬትም ቢሆን ዙሪያውን ከከለሉላት ደስ እንደሚላት ለሸማኔው ነገረችው። አያ ደምሌ ትሕትናዋ ልቡን ነካው። እንዲህ ያለችውን ወፍ መሬት ላይ አላሳድርም ብሎ እንቅቧን በገመድ ከጣሪያው ማገር አንጠለጠላት። አንጓች ከታች ቆማ፣ ይህ ሁሉ ገመድ ከሚጠፋ ቀዳዳውን ብትደፍነው ምን አለበት አለች። እሱም ነገ አላት።

እንቅቧ ለዘመናት እህል ተሸክማ ሆዷ ለስልሷል። አመልማሎ ገና ስታርፍ እግሮቿ ወዲያና ወዲህ ተንሸራተው ተበለቀጡ። ስትተነፍስ እንቅቧ ትወዛወዛለች፤ እንቅቧ ስትወዛወዝ አመልማሎ ትተነፍሳለች። እንቅቧን ማቅለሽለሽ ጀመራት። ጤፍም ገብስም ተሸክሜአለሁ፣ እንዲህ የሚንቀጠቀጥ እህል ግን አላየሁም ብላ አጉረመረመችና በአንድ ጎኗ ዘንበል አለች። አመልማሎ ሁለተኛ ወደቀች።

ጉባኤው አሁንም ያከበሯት ማነሱን አረጋገጠ።

ሦስተኛው ግን ከባዱ ነው። አያ ደምሌ ሸማውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ሲጠርብ ዋለ። ሰፊ ሳንቃ ጠርቦ፣ ጠርዙን በጥለት አስጊጦ፣ ከምሰሶው ጫፍ ላይ ቸነከረው። ዙፋን አለው። አለቃ ዓይኑ እያየ ቀና። አመልማሎን ሽቅብ አወጧትና አያ ደምሌ ላቡን እየጠረገ ተመችቶሽ እንደሆነ ጠየቃት።

ሳንቃው ድንጋይ ነው። ጣት የሌለው እግሯን ይቆረቁራል፣ የምትተኛበትን ደረቷን ይልጣል። ውሃው ታች ነው፣ ጥሬውም ታች ነው፣ በወጣች በወረደች ቁጥር እግሯ ይደማል። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ሰውየው ላቡ ይንጠባጠባል።

"በጣም ተመችቶኛል፤ እጅዎን ይባርከው" አለች።

እኔ ይህን ስናገር እንኳ ንዴቴ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ደረቷ ቆሰለ፣ ምግቧም ቀነሰ፣ ሰውነቷም አለቀ። የቤቱ ሰዎች ከታች ሆነው ያዩዋትና ላይ መቀመጥ እንዴት እንዳማረባት ይነጋገራሉ።

አንድ አመሻሽ ባልና ሚስቱ ደጅ ሸማ ሲያጥፉ፣ ዶሮዎቹም ዓይናቸውን ሲጨፍኑ፣ እመት ሽለምጥማጥ አፍንጫዋን በቀዳዳው አስገባች። ሽቅብ አይታ በለሰለሰ ድምፅ ጠራቻት።

"እህቴ አመልማሎ፣ ዝቅ ያለ ቦታ ትፈልጊያለሽ አሉ።"

"አዎ" አለች አመልማሎ።

"እኔ አምንሻለሁ። እዚህ ታች ገለባ አለ፣ ሰፊ ነው። ነይ ውረጂ።"

የአመልማሎ ልብ ተሰበረ። በዚህ ሁሉ ቤት ቃሏን እንደ ቃሏ የሰማት ሽለምጥማጥ ብቻ ናት። ይባስ ብሎ፣ ተጠርታ እምቢ ማለት አታውቅም። እንዳላስቸግርሽ አለቻት። ሽለምጥማጥም ኧረ ምን ችግር አለ እያለች አንገቷን አስገባች፣ ወገቧን አስገባች፣ ጅራቷን አስከትላ ሙሉ በሙሉ ገባች። አመልማሎ ከቆሰለው ደረቷ ላይ ልትነሳ ስትል ሳንቃው አዳለጣት፤ ክንፏን ሳትዘረጋ ገለባው ላይ ተዘረገፈች።

አፍና አፍንጫ ተገናኙ። እንኳን ደህና መጣሽ አለቻት ሽለምጥማጥ፣ ጥርሷን አውጥታ። አመልማሎም እንኳን ደህና ቆየሽኝ ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አልፈልግም!"

በዕድሜዋ ብላው አታውቅም። ደገመችው፣ ሦስተኛም አለችው፣ እየጣማት ሄደ። ዶሮዎቹ ነቅተው ተንጫጩ፣ አለቃ ጎህ የቀደደ መስሎት ጮኸ። አያ ደምሌ ዘልሎ ገባና እጁ ያገኘውን የሽመና መወርወሪያ ወረወረው። መወርወሪያው ዕድሜ ልኩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲመላለስ የኖረ ነውና፣ አንድ ቀን እንኳ ቁም ነገር ልምታ ብሎ ሽለምጥማጥን ከወገቧ ላይ አገኛት። እሷም በገባችበት ሾለከች።

አለቃ ቶሎ ብሎ ጉባኤውን ከፈተ። ነገሩ የደረሰው ያከበርናት ስላነሰ ነው፣ እንግዲህ ከጣሪያው ላይ እናውጣት አለ።

"አለቃ፣ ዝም ይበሉ" አለች አመልማሎ።

ቆጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቃነቀ።

"ዝቅ ያለ ቦታ ስል ዝቅ ያለ ቦታ ማለቴ ነው። እየተግደረደርኩ አይደለም። ጣት የለኝም፤ መጨበጥ አልችልም፤ ስወድቅ ያመኛል። አያ ደምሌ፣ ሳንቃዎ ደረቴን ልጦታል። ተመችቶኛል ያልኩት ዋሽቼ ነው።"

አያ ደምሌ ቀስ ብሎ አነሳትና ደረቷን ገልጦ አየ። ቁስሉን ሲያይ መደቡ ላይ ቁጭ አለ። ምን ላድርግልሽ ብሎ ጠየቃት። ከክሩ ቀን ወዲህ ይህን የጠየቃት ማንም አልነበረም።

እሷም ሳታፍር ነገረችው። ከአልጋችሁ አጠገብ፣ መደቡ ላይ፣ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ሳጥን ፈልጉልኝ አለች። ውስጡን በጋቢ ቁራጭ ደርባችሁ አንጥፉልኝ፤ ጨርቁም ሲቆሽሽ ይለወጥ። ክር እንዳይወጣው ጠርዙ ይሰፋ። ከመሬት የምወጣበት ዝቅ ያለ መወጣጫ ይሁንልኝ፣ እሱም እንዳያዳልጠኝ ጨርቅ ይልበስ። ጥሬውና ውሃው ከአፌ አጠገብ ይሁን። ለወግ ያህል ከጉልበት በታች የሆነ ቆጥ ትንሽ እፈልጋለሁ፣ ላዩ ግን ጠፍጣፋ ይሁን። ቀዳዳው ደግሞ ዛሬ ይደፈን፣ ነገ አይደለም።

አንጓች ሆዷን ይዛ ሳቀች። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ልጄ፣ ይህን አፍ የት ደብቀሽው ኖረሻል?" አለቻትና ጭቃ አቡክታ ለባሏ አቀበለችው። አያ ደምሌም ቀዳዳውን ደፈነ። አንጓች ቆማ ስላየችው ነው እንጂ ነገ ሊል አፉ ላይ ደርሶ ነበር።

የቀረውንም እንዳለችው አደረጉላት። ከቆጡ ጫፍ ተቆርጦ፣ ላዩ ተልጎ፣ ጨርቅ ተጠምጥሞበት ሳጥኑ ውስጥ ገባ። የተቆረጠው ጫፍ ወይራ ተወልጄ መከዳ ሆኜ ቀረሁ እያለ አለቀሰ፤ ሲመቸው ግን ዝም አለ። የአመልማሎ ደረት ዳነ፣ ላባዋም ተመለሰ። ዶሮዎቹ ያቺ ጨዋ ምነው እንዲህ ባለጌ ሆነች እያሉ አሟት። እሷ ተኝታ ስለነበር አልሰማችም።

ክረምት ገባ። አለቃ ዕድሜ ልኩን ወይራ ጨብጦ ኖሮ የውስጥ እግሩ አበጠ። ማንከሱን ማንም እንዳያይበት ቀስ እያለ ይራመዳል፤ እንዲህ ነው የትልቅ ሰው አረማመድ ይላል። አንድ ብርዳም ምሽት በመወጣጫው በኩል መጣና ከሳጥኑ ደጃፍ ቆመ።

"ለሰላምታ ያህል ብቅ ብዬ ነው" አለ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ደህና ይደሩ" አለችው አመልማሎ፣ ራሷንም ክንፏ ሥር ከተተች።

አለቃ ጠበቀ። ደንቡ እንዲያ አልነበረም፤ ይግቡ ማለት ነበረባት፣ እሱም አይ ልሂድ ማለት ነበረበት፣ እሷም በሞቴ ማለት ነበረባት። አሳለ። ዝናቡ ምን ያህል እንደበረታ ተናገረ። አመልማሎ አንድ ዓይኗን ከፍታ በእርግጥ በርትቷል አለችና መልሳ ጨፈነችው። ብርዱ ከታች በእግሩ ገብቶ ወደ ላይ ወጣ፤ ወደ ላይ ሲወጣ ክብሩን አገኘውና እሱንም አቀዘቀዘው።

"አመልማሎ፣ እግሬን አሞኛል። ላይ ማደር አልቻልኩም። አስገቢኝ" አለ በመጨረሻ።

ከተፈለፈለ ጀምሮ እንዲህ አጭር ንግግር አድርጎ አያውቅም።

አመልማሎ ወዲያውኑ ተነሳች፣ ጋቢውን አስተካከለች፣ ጠጋ አለችለት። ለስላሳው በኩል አስተኛችውና የታመመውን እግሩን በክንፏ ሸፈነችው። ጎህ ሲቀድ አለቃ ሳይጮህ ተኝቶ አረፈደ። ፀሐይዋም እሱን ሳትጠብቅ ወጣች።

የተግደረደረን ሰው ያከብረዋል፣ ሽለምጥማጥ ይበላዋል።

ተረቴ አለቀ። ዳቦ ካላችሁ አምጡት፤ እኔ አይ ይቅር አልልም።