በቁሙ የሰማው ሙሾ

አንዲት ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ ደብሪቱ ይሏታል። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የምትጠራ እሷ ናት። ደብሪቱ ያልቆመችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። ሟቹን የማታውቀው እንደሆነ ከዘመዶቹ ጥግ ቁጭ ትልና «ምን ይወድ ነበር? ማንን ረዳ? በምን ይስቅ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ተነሥታ ስታወርደው ሆዱ ድንጋይ የሆነ ሰው እንኳ ይቀልጣል። ሟች በቁሙ ያላገኘውን ስም በእሷ አፍ ያገኛል። ስስታሙ ለጋስ ተብሎ፣ ፈሪው ጀግና ተብሎ ይቀበራል። ምን ይደረግ፣ ለሞተ ሰው ቃል አይሰሰትም።

ባሏ ሙጬ ግን እንዲያው ሰው ነው፣ ስም የሌለው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ወፍጮ ቤት ነው። የወፍጮው ሞተር ጆሮውን በላው፤ ዱቄቱ ደግሞ ቅንድቡንና ጠጉሩን አነጣው። ሥራውን ሲተው ዱቄቱ ተራገፈ፣ ንጣቱ ግን ቀረ። ሰው ሲያናግረው መዳፉን ከጆሮው ኋላ አድርጎ «እ?» ይላል። ሁለተኛ ሲነገረው ካልሰማ ስቆ ያልፈዋል።

ይህ ሙጬ አንዲት ጥያቄ ነበረችው። ደብሪቱ ከለቅሶ ቤት በተመለሰች ቁጥር ይጠይቃታል።

«እኔ ስሞት ምን ትይልኛለሽ?»

«ያኔ ትሰማዋለህ።»

«በቁሙ ያልሰማ ጆሮ፣ ሞቶ ሊሰማ ነው?» ይላትና ሁለቱም ይስቃሉ። ሳቅ ሁሉ ግን ከጥርስ በታች ምን እንዳለው አይታወቅም፤ ይችን ያዙልኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን ይበልጣል የሚባል ፊልም ሠሪ ከዋናው ከተማ መጣ። እናቱ የዚያው አገር ሰው ናት፤ አሁንም እዚያው ትኖራለች። በከተማው በየዓመቱ ለዘጋቢ ፊልም ሽልማት የሚሰጡ ሰዎች እንዳሉ፣ እሱም ስለ እሷ ሊሠራ እንደመጣ ለደብሪቱ ነገራት። ዘጋቢ ፊልም ማለት የፈጠራ ተረት የሌለበት፣ የእውነተኛ ሰው ኑሮ እንዳለ የሚታይበት ነው። እነዚያ ሰዎች የሚሸልሙት ደግሞ ስለ አዛውንት የተሠራውን፣ ወይም አዛውንት ራሳቸው የሠሩትን ብቻ ነው። ደብሪቱ ገረማት።

«ሽማግሌ ለማየት ሽልማት? እኛ አገር ሽማግሌ በነፃ ነው የሚታየው» አለችው።

ሙጬ ያለችውን ሳይሰማ ሳቀ።

ይበልጣል ሰነበተ። ጥጥ ስትፈትል፣ ዶሮ ስታባርር፣ ከሙጬ ጋር በማይረባ ነገር ስትነታረክ ቀረጻት። ዋናው ነገር ግን ጎደለው፤ ሙሾው። በዚያ ሰሞን ደግሞ፣ ተመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። ፊልሙን የሚያስረክብበት ቀን እየደረሰ ሲሄድ ጨነቀው። እማማ፣ ለካሜራው ያህል አንድ ጊዜ ብቻ ያውርዱልኝ፣ ያለ ሙሾ የሙሾ አውራጅ ፊልም እንዴት ይሆናል እያለ ለመናት።

ደብሪቱ እንቢ አለች። ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ሞትን በስሙ መጥራት ነው፤ እናቷም አላደረገችው፣ እሷም አታደርገው። ሰው እስኪሞት ጠብቅ አለችው። ከዚያም ፊቱን አየችና «ወይስ ማን እንደሚሞት ልምረጥልህ?» ብላ አሾፈችበት።

ይሄን ጊዜ ሙጬ የከንፈራቸውን እንቅስቃሴ እያየ ነገሩ ገብቶታል። «እኔ አለሁ አይደል? እኔ እተኛለሁ» አለ። ደብሪቱ ወደ ጓዳ ገብታ ስትመለስ መደቡ ላይ ተጋድሞ፣ እግሮቹን ገጥሞ፣ ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ አገኘችው። ይበልጣልም ካሜራውን አንሥቶ ይጠብቃል።

እንዲህ የተገነዘ ስንቱን አይታለች፤ የራሷ የሆነ ሰው ግን አልነበረም። ጋቢውን ከላዩ ላይ ገፈፈችው።

«ተነሥ! ተነሥ ብዬሃለሁ!»

ሙጬ ዓይኑን አርገበገበ። «ገና አልጀመርሽም እኮ» አላት።

አልሳቀችም። ይበልጣልን ዕቃህን ሰብስብ አለችው፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

አመሻሹ ላይ ባልና ሚስት ከደጃቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በኋላ ሙጬ ተነሥቶ ገባና ለብ ያለ ተልባ በጣሳ ይዞላት መጣ። ከለቅሶ ስትመለስ ሁልጊዜም እንዲህ ያደርጋል፤ ጉሮሮዋ እንዲርስ። ዛሬ ግን ለቅሶ አልዋለችም።

«ምነው?» አለችው ጣሳውን እያየች።

«ጮኸሽብኝ የለ» አላት። አጠገቧም ተቀመጠ። ጆሮው የከበደው ሰው ሲናገር ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለልጁ ፊልም ብዬ አይደለም የተኛሁት። ጆሮዬ ደህና ሳለ የዚህን አገር ወንድ ሁሉ ስታሞግሺ ሰምቻለሁ። አንዱን ጋሻ አልሽው፣ አንዱን ዋርካ። እኔ እህል ፈጨሁ። ሌላ ምን አለኝ? ያን ቀን ሰዉ ሁሉ አፍሽን እያየ፣ ከራስጌዬ ቆመሽ የምትይው እንዳታጪ እፈራለሁ። ብቻ የምትይው እንዳለሽ ልስማውና ልረፍ ብዬ ነው።»

ደብሪቱ በሰው ቤት «ምን ይወድ ነበር?» እያለች ስትጠይቅ ኖራለች። በገዛ ቤቷ ግን፣ የሚባልልኝ አለ ወይ እያለ የሚፈራ ሰው ተቀምጦ ነበር። ለካ ያ ሁሉ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም። ተልባውን እስከ ጥፍጣፊው ጠጣችው።

ጠዋት ይበልጣልን አስጠራችው። ሙጬን የዓመት በዓል ጋቢውን አልብሳ፣ ፀሐይ ካለበት ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች።

«ይኸው፣ ልልልህ ነው» አለችው ይበልጣልን። «ለተኛ ሰው አይደለም፣ ለተቀመጠ ሰው ነው። እንባ ከፈለግህ ግን ካሜራህን ወደ ራስህ አዙር።»

እንደ ለቅሶ ቤት ደረቷን አልመታችም፣ መሐል ገብታ አልቆመችም። ከጎኑ ተቀመጠችና አፏን ወደ ጆሮው አስጠጋች። ባላት ድምፅ ሁሉ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ እንዲህ አለችው።

ዘመቻ አልወጣም፣ አንበሳም አልጣለ፣
እኔን ከነድምፄ እያኖረኝ ዋለ።

ሙጬ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አደረገ። «ድገሚው» አላት። ደገመችው። በደንብ ሰምቶ ነበር፤ እሷም መስማቱን አውቃለች። ቀጠለች።

ሰው ቤት ስጮህ ውዬ፣ ድምፄ ቢዘጋብኝ፣
ተልባ አሙቆ መጣ፣ ቃል ሳይጠይቀኝ።

ዱቄት መስሎኝ ነበር የራሱ ንጣቱ፣
ለካ አብረን አርጅተን ሽበት ነው እውነቱ።

ሙጬ እጁን ወደ ራሱ ሰዶ ሽበቱን ዳበሰ፤ ዱቄት የሚያራግፍ ይመስል ነበር።

«ይሄ ሁሉ ነበረሽና» አላት፣ «እስከ ዛሬ ምን አስቆየሽ?»

ይበልጣል ካሜራውን ይዞ ፊቱን በክንዱ ይጠርግ ነበር። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ዕቃውን እንኳ ሳይሰበስብ፣ እናቱ ቤት ሄዶ ዋለ አሉ።

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ ታየ፤ የዓመቱም ሽልማት ለእሱ ሆነ። ይበልጣል ብቻዬን አልወጣም ብሎ ሁለቱን ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ይዞ መድረክ ላይ አቆማቸው። ሰዉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ሙጬ ግራ ገባው።

«ለማን ነው?» አለ።

«ለአንተ!» አለች ደብሪቱ በጆሮው።

«ምን ሠራሁ?»

«እህል ፈጨህ!»

ማይክሮፎኑ አጠገባቸው ነበርና አዳራሹ ሙሉ ሰማው። ሳቁም ጭብጨባውም ተደባለቀ። የተሰጣቸው ዋንጫ የመስተዋት ነው፤ ሙጬ ቤት ወስዶ አገላብጦ አየውና «ተልባ የማይጠጣበት ዋንጫ ምን ዋንጫ ነው» ብሎ መስኮቱ ላይ አኖረው።

በዓመቱ፣ መስቀል እንዳለፈ፣ ሙጬ ሞተ። ተኝቶ አላስቸገረም፣ በእርጅናው ሄደ። አገር ወጣ። ደብሪቱ ለባዳ እንዲያ ያወረደች ለባሏ ምን ልትል ነው ብሎ፣ ከሩቅ የመጣም ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀመጠች። ሰዉ ጠበቀ። ሹክሹክታ ተነሣ፤ ለሰው ስትሰጥ ኖራ ለባሏ ነፈገችው ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤት ተጠግታ ክንዷን ነካችና «እትዬ ደብሪቱ፣ ይበሉ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለቻት።

ደብሪቱ ቀና አለች።

«እኔ የእኔን ነግሬዋለሁ። ጆሮው ከባድ ነበር፤ ግን ሰምቶኛል። አሁን እናንተ በሉለት፣ እኔ ደግሞ ልስማ።»

መጀመሪያ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዲት ሴት ቆመች። አራስ ሳለች ወፍጮ ቤት ስትመጣ ወረፋ አስቀድሟት፣ ዱቄቷንም ተሸክሞ ቤቷ ድረስ እንዳደረሰላት ተናገረች። አንድ አዛውንት ደግሞ ሚስቱ የሞተች ሰሞን ሙጬ ማታ ማታ እየመጣ ምንም ሳይናገር አብሮት ይቀመጥ እንደነበር አወራ። ሌላው ተነሣ፤ ሌላው። ደብሪቱ የማታውቀውን ባሏን ሰማች። አለቀሰች፣ እንደ ማንኛዋም ሚስት፤ ያለ ግጥም። ደግሞም አሰበች፤ ይህንንስ በነገሩት ኖሮ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የዚህ ነገር ምሥጢሩ ይኸው ነው። ለሞተ የሚደረደር ቃል ያዘነውን ያጽናናል እንጂ ሟቹ ዘንድ አይደርስም። እነዚያ ሽማግሌ የሚሸልሙ ሰዎች ይባረኩ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። የሽልማት ትልቁ ግን መስኮት ላይ የሚቀመጠው አይደለም። ጆሮ ሳይዘጋ የሚደርስ ቃል ነው። እሱን ለመስጠት አዳራሽ አያስፈልግም፤ ጠጋ ማለትና ድምፅን ከፍ ማድረግ ይበቃል።

እናንተስ፣ «እኔ ስሞት ምን ትሉልኛላችሁ?» እያለ የሚስቅ ሰው በቤታችሁ የለም? ያን ቀን የምትሉለትን ካወቃችሁት፣ ዛሬ ምን አስቆያችሁ?