ቆዳውን ያላሸተቱ ውሾች

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ትርንጎ፣ ጥያቄሽን አልዘለልኩትም። «ልጄ በሕፃንነቱ ክትባቱን ጨርሷል፣ ካርዱም ይኸው፤ ከደም ካንሰር ከዳነ በኋላ ስለ ምን እንደገና ይወጋል?» ብለሽ እጁን ይዘሽ ልትመለሺ ነው። አርባ ዓመት ክትባት የወጋሁ ጤና ረዳት ነኝና ትንሽ ታገሺኝ።

ሰውዬው በግ አርቢ ነበር። በረቱን ስምንት ውሾች ይጠብቁለታል። በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ፤ ቀበሮ ሲገደል ቆዳው ይደርቅና ውሾቹ እንዲያሸቱት ይደረጋል። ደረቅ ቆዳ አይነክስም። እነሱ ግን ሽታውን ይይዙታል፤ ከዚያ ወዲያ ቀበሮ ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ ይነሱበታል።

አንድ ክረምት ከራሳቸው ከውሾቹ አንዳንዶቹ አበዱና በጎቹን ይነክሱ ጀመር። የትኛው እብድ፣ የትኛው ደህና እንደሆነ መለየት አቃተው። ምን ያድርግ? እያዘነ ለሁሉም መርዝ አበላ። ከጎተራው ሥር የተደበቀች፣ ቆዳውን አሽትታ የማታውቅ አንዲት ያረገዘች ውሻ ብቻ ተረፈች።

ወለደች። ቡችሎቹም አደጉ፣ ወፈሩ፣ ጠጉራቸው አብረቀረቀ። ሰውዬው «ተመስገን፣ በረቴ ዳነ» አለ። አንድ ጠዋት ቀበሮ ሲገባ ታዲያ ምን አደረጉ መሰለሽ? ጭራቸውን ቆሉለት። ጠቦት አንጠልጥሎ ከሄደ በኋላ ነው የጮኹት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ።

ሰውዬው በንዴት ዱላ አነሣ። «አሳይቻችሁ አልነበረም እንዴ?»

ሚስቱ ሳቀችበት። «ያሳየሃቸውማ ሞተዋል። እነዚህ መቼ አሸተቱና?»

አፈረ፤ ዱላውን ጣለ። ከግድግዳው ላይ ቆዳውን አውርዶ ለእያንዳንዳቸው አፍንጫቸው ሥር አቀረበላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ቀበሮው ተመለሰ። ገና ከወንዙ ማዶ ሳለ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ጆሯቸውን አቁመው ባንድ ላይ ተነሡ። አንዲት በግ አልተነካችም። ከአንዲት ብጣሽ ቆዳ ይህን ሁሉ ተማሩ።

አየሽ ትርንጎ፣ በረቱ የልጅሽ ገላ ነው። ውሾቹ በደሙ ውስጥ ያሉት ጠባቂዎች ናቸው፤ ካንሰሩም የተነሣው ከእነሱው መሃል ነው። መድኃኒቱ እብዱን ሲያጠፋ ደህናውንም አብሮ ወሰደ። ካርድሽ አልዋሸም፤ የሚናገረው ግን ስለ ቀደሙት ነው። ከእነሱ የተረፈ፣ የሚያስታውስ ይኖር ይሆናል፤ በዚያ ተማምነን ግን ልጁን አንተወውም፣ ኩፍኝ ጎረቤት ቀበሌ ገብቷል። ሐኪሙ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ስድስት ወር ያስጠበቀሽም አዲሶቹ እስኪጠነክሩ ነው። ክትባቱ ያ ቆዳ ነው።

አርባ ዓመት ስወጋ ኖሬ ዛሬም ይደንቀኛል። ልጅሽ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጠባቂዎቹ ግን ገና ዓመት አልሞላቸውም፣ ጠላታቸውን አይተውት አያውቁም። በይ፣ እጅጌውን ሰብስቢለት።