ቡሬ አልጠጣም ያለው ውሃ

እናንተ የላም በረት በሉ፤ እኔ የጥጃውን ላውጋችሁ።

እትዬ ብርጓል ቡሬ የሚባል ጥጃ ነበራቸው። ከወንዙ ራስጌ ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ቀለሙን ቢለቅበት ውሃው ቀላ። ነጭ ዶሮ ብትሻገረው ቀይ ሆና ትወጣለች! ቡሬ አሸተተውና ሁለት ቀን አፉን ገጠመ። የእትዬ ብርጓል ምኞት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ቡሬ ሳይሞት አንድ ጉንጭ እንዲጠጣላቸው።

ወደ ውሃው ሄዱ። «ውሃዬ፣ ጥራልኝ፤ ቡሬ አልጠጣም አለ።»

«ከሰል ቀለሙን ካልያዘልኝ አልጠራም» አለ ውሃው።

ወደ ከሰሉ ሄዱ። «ያዝልኝ፤ ውሃው አልጠራም አለ፣ ቡሬ አልጠጣም አለ።»

«አልይዝም! እንዲህ ድብልብል ሆኜ ያለኝ አንድ አፍ ነው። ሙቀጫ ይውቀጠኝ፣ እልፍ አፍ አወጣለሁ።»

ወደ ሙቀጫው ሄዱ። «ውቀጥልኝ፤ ከሰሉ አልይዝም አለ፣ ውሃው አልጠራም አለ፣ ቡሬ አልጠጣም አለ።»

«በደረቁማ ያንቀኛል! ሎሚ ካልተጨመቀብኝ አልወቅጥም።»

ምንትዋብ የምትባል የውሃ ባለሙያ በዚያ ስታልፍ ሰማች። «እውነቱን ነው፣ እትዬ። ከሰሉ በሎሚ ይታሽ፤ ከዱቄት በላይ ደቆ ናኖ ይሁን!»

እትዬ ብርጓል አንድ እቅፍ ናና ቆርጠው ወደ ሎሚው ገሰገሱ፤ ባለሙያዋም ግራ ገብቷት ተከተለቻቸው። «ውረድልኝ፤ ሙቀጫው አልወቅጥም አለ፣ ከሰሉ አልይዝም አለ፣ ውሃው አልጠራም አለ፣ ቡሬ አልጠጣም አለ።»

«ጌታዬ አያ ደምለው ካላወረዱኝ አልወርድም።»

አያ ደምለው ከግንዱ ሥር ፊታቸውን እንደ ቋንጣ አኮማትረው ተቀምጠዋል። «አውርዱልኝ፤ ሎሚው አልወርድም አለ፣ ሙቀጫው አልወቅጥም አለ፣ ከሰሉ አልይዝም አለ፣ ውሃው አልጠራም አለ፣ ቡሬ አልጠጣም አለ።»

«ካልሳቅሁ አላወርድም፤ ከሳቅሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ደሞ ይሄ ቅጠል ምንድን ነው?»

«ናና ነዋ! ባለሙያዋ ከሰሉ ናና ይሁን ብላኛለች።»

«ኧረ እትዬ፣ ናኖ ነው ያልኩት!» አለች ምንትዋብ። «በዓይን የማይታይ ደቃቅ!»

«በዓይን ካልታየ ከየት ልቁረጠው ታዲያ?»

አያ ደምለው ፈነዱ! ሳቃቸው ሦስት ቀበሌ ተሻግሮ ዶሮዎችን ያለ ቀናቸው እንቁላል አስጣለ፤ ጀርባቸው ከግንዱ ጋር ተላተመ። አያ ደምለው ሲስቁ ሎሚው ወረደ፣ ሎሚው ሲወርድ ሙቀጫው ወቀጠ፣ ሙቀጫው ሲወቅጥ ከሰሉ እልፍ አፉን ከፍቶ ቀለሙን ያዘ፣ ከሰሉ ሲይዝ ውሃው ጠራ፣ ውሃው ሲጠራ ቡሬ ጠጣ፤ ጉንጭ ብሎ ነገር የለም፣ የተቀዳለትን እንስራ ሙሉ ውሃ ገለበጠው!

ናናውስ? ቡሬ በላው። እስከ ዛሬ ሲያገሳ ሰፈሩ ናና ናና ይላል።

ተረቴን በጠራ ውሃ መልሱልኝ፤ አፌን ግን አደራ በሎሚ እንዳታብሱት።